የጃፓን ትንንሽ ራመን ቤቶች፦ አገባብ፣ አዘዛዝና አበላል

በጃፓን ከተሞች ከባቡር ጣቢያ ወጥቶ ራመን ቤት ለማግኘት ብዙ መራመድ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው፦ አንድ ረጅም ባንኮኒ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆን መቀመጫ፣ ከባንኮኒው ማዶ የሚንተከተክ ትልቅ ድስት፣ ከድስቱ ኋላ አንድ ወይም ሁለት አብሳይ። ጠረጴዛ የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ትእዛዝ የሚቀበል አስተናጋጅ የሌላቸውም እንደዚያው። የሚሸጡት ምግብ ራመን ነው። ከስንዴ ዱቄት የተሠራ ኑድል ለሰዓታት በተንተከተከ መረቅ ውስጥ ይገባል፤ ከላዩ ሥጋ፣ እንቁላልና አትክልት ይደረግበታል፤ በጎድጓዳ ሳህን ለአንድ ሰው ይቀርባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ደንቡ ይበዛበታል። የት እንደሚሰለፍ፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ በልቶ ሲጨርስ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው የለም፤ ከጎኑ የተቀመጠው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ደንቡ እንግዳን ለማሸማቀቅ የወጣ አይደለም። ምንጩ ሁለት ነገር ነው፦ መቀመጫው ጥቂት ነው፣ ኑድሉም አይጠብቅም። መረቁ ውስጥ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ፈሳሹን እየጠጣ ይላላል፤ ሩብ ሰዓት ከቆየ አብሳዩ የተጨነቀለት ጥንካሬው አብሮት የለም። ወረፋው፣ የትኬት ማሽኑ፣ ኑድሉን በድምፅ መማጉ፣ በልቶ ወዲያው መነሣቱ ሁሉም ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ይመዘዛሉ።

ከጋሪ ወደ ባንኮኒ

ራመን ዛሬ የጃፓን መታወቂያ ቢሆንም መነሻው የቻይና ኑድል ነው። ጃፓን ወደቦቿን ለውጭ ንግድ ስትከፍት፣ በተለይም ዮኮሃማ እ.ኤ.አ. በ1859 ከተከፈተች በኋላ፣ ቻይናውያን ነጋዴዎችና ሠራተኞች በወደብ ከተሞቹ ሰፈሩ፤ ምግባቸውንም ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1910 ኦዛኪ ካኒቺ የተባለ የቀድሞ የጉምሩክ ሠራተኛ ከዮኮሃማ የቻይናውያን ሰፈር አብሳዮችን ቀጥሮ በቶኪዮ አሳኩሳ ራይራይከን የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ። አሳኩሳ ያን ጊዜ የመዝናኛ ሰፈር ነበረች፤ ቤቱም ለተራው ሰው አቅም የሚሆን ኑድል እየሸጠ ስሙ ገነነ። የራመን ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ከዚህ ቤት ይጀመራል።

የዛሬውን መልኩን የሰጠው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ችግር ነው። ሩዝ ጠፋ፤ ከአሜሪካ የሚገባ የስንዴ ዱቄት ግን ይገኝ ነበር። ሥራ ያጡና ከቻይና የተመለሱ ሰዎች በሚገፋ ጋሪ ኑድል ማዞር ጀመሩ፤ ማታ ማታ ቻሩሜራ የተባለውን ጡሩንባ እየነፉ መምጣታቸውን ለሰፈሩ ያሳውቁ ነበር። ትንሿን ራመን ቤት በደንብ ላየ ሰው የጋሪው አሠራር እስካሁን አለ፦ አንድ አብሳይ፣ አንድ ድስት፣ ፊት ለፊቱ ትከሻ ለትከሻ የተደረደሩ ደንበኞች። የተጨመረው ጣሪያና በር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 ሞሞፉኩ አንዶ ፈጣኑን ኑድል ፈለሰፈ። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የየትኛውም ፋብሪካ ምርት ቢሆን ኢንዶሚ እያለ የሚጠራው የምግብ ዓይነት የተወለደው ያኔ ነው። ስለዚህ ኢንዶሚ እየበላ ያደገ ሰው ራመን ቤት ሲገባ የሚያውቀውን ይጠብቃል። የፈጣኑ ኑድል ጣዕም የሚመጣው ከትንሿ ከረጢት ነው፤ በቤቱ ውስጥ ግን መረቁ ብቻውን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከአሳማ አጥንት የሚወጣው ነጭ መረቅ ከአሥር ሰዓት በላይ ሊንተከተክ ይችላል። ያ ሁሉ ሥራ ለደንበኛው በሦስት ደቂቃ ተሰናድቶ ይቀርባል፤ በአሥር ደቂቃም ይበላል።

በሩ ላይ

ቤቱ ክፍት መሆኑ የሚታወቀው ኖሬን በሚባለው አጭር የጨርቅ መጋረጃ ነው። በሩ ላይ ከተሰቀለ ክፍት ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተዘግቷል። ብዙዎቹ ከረፋዱ 5 ሰዓት ግድም ከፍተው እስከ 8 ወይም 9 ሰዓት ያስተናግዳሉ፤ ከዚያ ዘግተው ለማታው ይዘጋጁና 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ዳግም ይከፍታሉ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው። የተጻፈው ሰዓት ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ መረቁ ካለቀ ቤቱ ይዘጋል። መረቅን በውኃ አብዝቶ መሸጥ በሙያው ዘንድ ነውር ስለሆነ አብሳዩ የለም ብሎ መጋረጃውን ማውረድ ይመርጣል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሌላው ሳይቀድመው፣ ቤቱ ሊከፈት ሲል ቢደርስ ይሻለዋል።

ዝነኛ ቤት ወረፋ አያጣም። ሰልፉ የጎረቤትን በር እንዳይዘጋ በግድግዳው ጥግ ይያዛል፤ አንዳንዱ ቤት ሰልፉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከመንገዱ ማዶ ያቆማል። ቦታ ይዞ ቆይቶ ጓደኛ ሲመጣ መሐል ማስገባት አይወደድም። አብረው የሚበሉ ሁሉ አብረው ይሰለፋሉ፤ አራት ሆነው ከመጡም ተለያይተው ለመቀመጥ መዘጋጀት አለባቸው፤ ለአራት ጎን ለጎን የሚሆን ክፍት ቦታ እስኪገኝ ሁለት መቀመጫ ባዶውን ማዋል ለዚህ ዓይነት ቤት ኪሳራ ነው።

የወረፋ ነገር ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል በቶኪዮ ሱጋሞ የነበረው ጹታ አሳይቷል። ምግብ ቤቶችን በኮከብ በሚመዝነው በሚሽሊን መመሪያ የ2016 (እ.ኤ.አ.) እትም የመጀመሪያው ባለኮከብ ራመን ቤት ሆነ። ዘጠኝ መቀመጫ ይዞ ከዓለም ዙሪያ የሚጎርፈውን ሰው ማስተናገድ ስላልቻለ ጠዋት ጠዋት የተራ ካርድ ማደል ጀመረ፤ የመጣ ሰው 1000 የን አስይዞ ካርዱን ይወስድና በተባለው ሰዓት ይመለስ ነበር። ሰፈሩ ከሰልፍ ዳነ።

አንድ ነገር ከቤት ቤት ይለያያል፦ አንዱ ቤት ትኬት ሳይቆረጥ አያሰልፍም፣ ሌላው ተራ ሲደርስ ብቻ ወደ ማሽኑ ያስጠጋል። ሁለቱም በር ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉን ማንበብ ለማይችል ሰው ከፊቱ የቆመው ምን እንዳደረገ ማየት ይበቃዋል።

ማሽኑ

አብዛኞቹ ትንንሽ ቤቶች ሒሳብ የሚቀበሉት ከምግቡ በፊት ነው፤ የሚቀበለውም ማሽን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድስቱ ላይ ያለው ሰው እጁን ከዱቄትና ከመረቅ አንሥቶ ገንዘብ እየቆጠረ መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ ገንዘብ ተቀባይ ለመቅጠር ደግሞ የአሥር መቀመጫ ገቢ አይበቃም።

በር አጠገብ የቆመው ሣጥን ፊቱ በትንንሽ ቁልፎች የተሞላ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ ይገባል፤ ለገባው ገንዘብ የሚመጥኑ ቁልፎች ይበራሉ፤ አንዱ ሲጫን ትንሽ ትኬት ከታች ይወድቃል። እንቁላል ወይም ተጨማሪ ሥጋ ከተፈለገ የእሱም ቁልፍ ይጫናል፤ ሁለተኛ ትኬት ይወጣል። መልስ ብዙ ጊዜ በራሱ አይወጣም፤ ጎን ላይ ያለውን ማንሻ መጫን ያስፈልጋል፤ ከኋላ ሰው ሲሰለፍ የሚቸኩል እንግዳ መልሱን ጥሎ ይሄዳል። ያለቀ ምግብ ቁልፉ ላይ ቀይ መብራት ወይም የመስቀል ምልክት ይታያል።

ጽሑፉን ማንበብ የማይችል ሰው አንድ ልማድ ይረዳዋል። ከላይ በስተግራ ያለው ቁልፍ፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ የሚተልቀው፣ የቤቱ ዋና ራመን ነው። ባለቤቱ ስሙን ያስጠራበት፣ መጀመሪያ እንዲቀመስለት የሚፈልገው እሱ ነው። ከእሱ ቀጥለው ያሉት በአብዛኛው ያው ራመን ሆኖ እንቁላል የተጨመረበት፣ ሥጋው የበዛ፣ ሁሉም ነገር የተደረገበት ናቸው፤ ዋጋቸውም እየጨመረ ይሄዳል። ታች ያሉት ትንንሾቹ ቁልፎች ተጨማሪ ኑድል፣ ነጭ ሩዝ፣ ጊዮዛ የተባለው በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ምግብና ቢራ ናቸው። በማያውቁት ቤት ግራ ላይኛውን መጫን እስከዛሬ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የተሻለው ነው፤ ጉልላቱን ሳይቀምሱ ወደ ጎኑ መሄድ ስለ ቤቱ ምንም አያስተምርም።

የገንዘቡ ዓይነት አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ብዙ አሮጌ ማሽኖች የሚቀበሉት ሳንቲምና የ1000 የን ኖት ብቻ ነው፤ 10,000 የን ይዞ የገባ ሰው ዘርዝሩልኝ ብሎ አብሳዩን ከሥራው ማስነሣቱ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2024 ጃፓን አዳዲስ የገንዘብ ኖቶችን ስታወጣ ነገሩ ባሰ። የባክቴሪያ ተመራማሪው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ያለበትን አዲሱን 1000 የን አሮጌዎቹ ማሽኖች አያውቁትም፤ ማሽን መቀየር ደግሞ ለትንሽ ቤት ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ አዲሱን ኖት አንቀበልም የሚል ወረቀት የለጠፉ ቤቶች ታዩ። ወጪውን በዋጋ ላይ መጨመርም ቀላል አይደለም። ራመን የተራው ሰው ምሳ ስለሆነ ደንበኛው ለአንድ ሳህን ከ1000 የን በላይ መክፈል ይከብደዋል፤ ጃፓኖች ይህን የ1000 የን ግድግዳ ይሉታል። የስንዴው፣ የጋዙና የሥጋው ዋጋ ሲንር ብዙ ባለቤቶች ከዚህ ግድግዳ ሥር ተይዘው ቆይተዋል፤ ባለፉት ዓመታት ግን ግድግዳውን የተሻገሩት እየበዙ ነው። በስክሪን የሚሠሩ፣ ፎቶ ያላቸውና ካርድ የሚቀበሉ ማሽኖችም እየተስፋፉ ሄደዋል። ቢሆንም አንድ ሁለት ሺህ የን በዝርዝር ይዞ መሄድ ይበጃል።

ከባንኮኒው ማዶ

ተቀምጠው ትኬቱን ከፍ ባለው የባንኮኒ ጠርዝ ላይ ያኖሩታል። ውኃ በነጻ ነው፤ ጆግና ብርጭቆ ከፊት ካለ ራስን ማስተናገድ ነው። ቾፕስቲክ በሣጥን ወይም በመሳቢያ ይገኛል፤ ቦርሳ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቅርጫት ወይም ግድግዳው ላይ ባለው መስቀያ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ጥቂት ደቂቃ ስልክ ላይ ማሳለፍ የባንኮኒውን ዋና ጥቅም ማጣት ነው፤ ሥራው ሁሉ ከአንድ ክንድ ርቀት ይታያል።

አብሳዩ ባዶውን ሳህን በፈላ ውኃ ያሞቀዋል። ውኃውን ደፍቶ ከሥሩ አንድ ትንሽ ጭልፋ ጥቁር ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያደርጋል። ይህ ታሬ ይባላል፤ የምግቡ ጨውና ዋና ጣዕም ያለው እዚህ ነው፤ በየቤቱም ምስጢር ነው። ጥቂት የሽንኩርት ወይም የዶሮ ዘይት ያንጠባጥባል። ኑድሉ በዚህ ጊዜ እጀታ ባለው ጥልቅ ማጥለያ ውስጥ ሆኖ በሌላ ድስት ይፈላል። ሰዓቱ ሲጮኽ ትኩሱ መረቅ ታሬው ላይ ይፈስሳል፤ አብሳዩ ማጥለያውን አንሥቶ ክንዱን በኃይል ወደ ታች እያወረደ ውኃውን ያራግፋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ውኃው ካልረገፈ መረቁን ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ ይህ ምት ለትዕይንት የሚደረግ አይደለም። ኑድሉ መረቁ ውስጥ ይንሸራተታል፤ በቾፕስቲክ አንድ ጊዜ ከፍ ተደርጎ እንደ ተበጠረ ፀጉር ይታጠፋል። ሥጋው፣ ግማሽ የበሰለው እንቁላል፣ የቀርከሃው ቡቃያ፣ የባሮ ሽንኩርቱና ጥቁሩ የባሕር አረም በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ሳህኑ ባንኮኒው ላይ ሲያርፍ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል።

ኑድሉ ቢጫ የሆነውና የሚሳበው ካንሱይ በተባለ የካርቦኔት ጨዎች ውሕድ ስለሚቦካ ነው፤ ከፓስታ የሚለየውም በዚሁ ነው። ታሬው ሦስት ዋና መልክ አለው፦ ሾዩ የአኩሪ አተር ሶስ ነው፣ ሺዮ ጨው ነው፣ ሚሶ የቦካ የአኩሪ አተር ሊጥ ነው። አራተኛ ተደርጎ የሚጠራው ቶንኮጹ ግን የመረቅ ስም ነው፤ የአሳማ አጥንት ነጭ እስኪሆን የተቀቀለበት። ለዚህ ነው አንድ ቁልፍ ላይ ሁለቱ ተጣምረው የሚገኙት፣ ለምሳሌ ቶንኮጹ ሾዩ።

ከየክልሉ የሚመጣው ጥያቄ

ትኬቱ ሲሰጥ አብሳዩ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄው የሚወሰነው ምግቡ በመጣበት ክልል ነው። በሰሜን ሳፖሮ ሚሶ ራመን የሚሸጡ ቤቶች ብዙም አይጠይቁም። በፉኩሺማ ኪታካታ፣ ሰዎች ገና በጠዋት ራመን በሚበሉባት ከተማ፣ ወፍራምና ጥቅልል ያለው ኑድል እንደመጣ ይበላል።

በደቡብ ፉኩኦካ ነገሩ ሌላ ነው። የሃካታና የናጋሃማ ራመን በዓሣ ገበያው ሠራተኛ አቅምና ጊዜ የተቃኘ ነው፤ ኑድሉ ቀጭን የሆነው በሰከንዶች እንዲበስል ነው። ቀጭን ኑድል ደግሞ ቶሎ ይላላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀርበው መጠን አነስተኛ ነው፤ ያልጠገበ ሰው መረቁን አስቀርቶ ካኤዳማ ብሎ ይጠራል፤ አዲስ የበሰለ ኑድል ጥቂት ተከፍሎበት በዚያው ሳህን ይጨመርለታል። መረቁን አስቀድሞ የጠጣ ሰው ካኤዳማው የሚገባበት የለውም። እዚያ የሚጠየቀው ስለ ኑድሉ ጥንካሬ ነው፦ ያዋ ለስላሳ ነው፣ ፉጹ መካከለኛ፣ ካታ ጠንከር ያለ፣ ባሪካታ በጣም ጠንካራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፉጹ ወይም ካታ ማለት ነው። ከባሪካታ በላይ ያሉት ዱቄቱ ገና ያልበሰለ ሊሆን ስለሚችል ለለመደ ሰው ይቆዩ።

በዮኮሃማ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው ዮሺሙራያ የቶንኮጹን መረቅ ከቶኪዮ ሾዩ ጋር አዋሕዶ ኢየኬይ የሚባለውን የራመን ዘር ወለደ፤ ስፒናችና ሦስት ቅጠል የባሕር አረም መለያው ናቸው። እዚያ ጥያቄው ሦስት ነው፦ የኑድሉ ጥንካሬ፣ የጣዕሙ ጨዋማነት፣ የዘይቱ ብዛት። ለሦስቱም ፉጹ ብሎ መመለስ ይቻላል። ብዙዎች ነጭ ሩዝ አብረው ያዛሉ፤ የባሕር አረሙን መረቅ ውስጥ አርሰው ሩዙን ይጠቀልሉበታል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ራመን ጂሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመሠረተ፤ ዋናው ቤት በቶኪዮ ሚታ፣ ከኬዮ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው፤ የተራበ ተማሪ ያሳደገው ምግብ ነው። ትንሹ የሚባለው ሳህን እንኳ ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ኑድል አለው፤ ከላዩ የጥቅል ጎመንና የማሾ በቆልት ተራራ ይቆለላል። እዚህ የሚጠየቀው ኑድሉ ሊወጣ ሲል ነው፦ ኒንኒኩ ኢሬማስ ካ፣ ነጭ ሽንኩርት ይግባበት ወይ? መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ አይደለም። ያሳይ ያለ አትክልት ይጨመርለታል፣ አቡራ ያለ ስብ፣ ካራሜ ያለ ጨዋማ ታሬ፤ ማሺ የሚል ከጨመረ ደግሞ የጠራው ይበልጥ ይበዛል። ጥሪው አጭርና ፈጣን ነው፤ ስድስት ሳህን በአንድ ጊዜ ተደርድሮ የስድስት ሰው ቃል ይጠበቃል። የማያውቅ ሰው ሶኖማማ፣ እንዳለ ይሁን፣ ቢል ማንም አይቀየመውም። መጨረስ የማይችለውን ማዘዝ ግን ያስቀይማል፤ ትንሽ ኑድል የሚፈልግ ሰው ትኬቱን ሲሰጥ ቢናገር ይቀነስለታል።

ጹኬሜን ብቻ በሌላ መንገድ ይበላል። ያማጊሺ ካዙኦ የተባለው አብሳይ እ.ኤ.አ. በ1955 በቶኪዮ ታይሾከን ለሽያጭ ያቀረበው ይህ ምግብ ኑድሉን በቀዝቃዛ ውኃ አጥቦ ለብቻው ያመጣል፤ ወፍራምና ጠንካራ መረቅ በትንሽ ሳህን አጠገቡ ይሆናል። እየነከሩ ይበሉታል። ኑድሉ ሲያልቅ የተረፈውን መረቅ ለማቅጠን ሱፑ ዋሪ ብለው ይጠይቃሉ፤ አብሳዩ ቀለል ያለ ትኩስ መረቅ ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ ይጠጣል።

እነዚህን ሁሉ በየከተማው መዞር ለማይችል እ.ኤ.አ. በ1994 በዮኮሃማ የተከፈተው የራመን ሙዚየም አለ፤ ከየክልሉ የመጡ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል፤ አነስ ያለ ሳህንም ይሸጣል።

ሲበላ

ሳህኑ ከመጣ በኋላ መጠበቅ የለም። ጓደኛ ገና ምግቡ ባይደርሰውም የደረሰው ይጀምራል። ፎቶ ማንሣት በአብዛኛው ቤት ይፈቀዳል፤ አንድ አንሥቶ መብላት ነው፤ አብሳዩንና ሌሎቹን ተመጋቢዎች ማንሣት ግን ፈቃድ ይጠይቃል። መጀመሪያ መረቁን በማንኪያ መቅመስ፣ ከዚያ ወደ ኑድሉ መሄድ የተለመደ ነው። ባንኮኒው ላይ ያለውን ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አቼቶ፣ ሰሊጥና ቀይ ዝንጅብል ከግማሽ በኋላ ማድረግ ይመከራል፤ መረቁን ሳይቀምሱ ቅመም መነስነስ ለሊት ሙሉ የተቀቀለውን ሥራ መሸፈን ነው።

ድምፁ ለእኛ ሰው ይከብደዋል። በልጅነታችን ፉት ስንል ተቆጥተውናልና። ራመን ግን ያለ ድምፅ አይበላም ማለት ይቻላል፤ ኑድሉን ከአየር ጋር ሲምጉት ትኩሱ ይበርዳል፣ የመረቁ ሽታም ወደ አፍንጫ ይወጣል። ቀስ ብሎ በዝምታ የሚበላ ሰው ማንም አይገስጸውም፤ ኑድሉ ግን ከእሱ ይቀድማል።

በአንድ ማዕድ ዙሪያ መብላት ለለመደ ሰው የሚከብደው ሌላው ነገር አንድ ሰው አንድ ሳህን የሚለው ደንብ ነው። ሁለት ሰው ተቀምጦ አንድ ሳህን መካፈል አይቻልም፤ ቤቱ የሚሸጠው መቀመጫውንም ጭምር ነው። ከሕፃን ጋር ሲሄዱ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጠባቡ ቤት የሕፃን ጋሪ አይገባም። ወሬም ቢሆን አጭር ይሁን።

መረቁን ሁሉ መጠጣት ግዴታ አይደለም። አንድ ሳህን ብዙ ጊዜ ከ5 ግራም በላይ ጨው አለው፣ አብዛኛውም መረቁ ውስጥ ነው፤ ጃፓኖቹም ራሳቸው ብዙዎቹ ይተዉታል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ኑድሉንና ላዩን በልቶ መረቁን ቢተው ቤቱ አይከፋውም። የተረፈውን ቋጥሮ መውሰድ ግን የለም።

ሲጨርሱ ሳህኑን ወደ ከፍተኛው ጠርዝ መልሰው፣ ባንኮኒውን እዚያው ባለው ጨርቅ ጠረግ አድርገው ጎቺሶሳማ ዴሽታ ብለው ይወጣሉ። ይህ የበላ ሰው ምስጋና ነው፤ አብሳዩ ፊቱን ሳያዞር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል። ጉርሻ መስጠት የለም፤ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ገንዘብ የተረሳ መስሏቸው ይዘው ከኋላ ሊሮጡ ይችላሉ።

የአሳማ ሥጋና የጾም ጉዳይ

ለአብዛኛው አማርኛ አንባቢ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የተዋሕዶ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም አሳማ አይበላም፤ ራመን ደግሞ ከአሳማ ጋር በብዙ ክር የተሳሰረ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ሥጋ፣ ቻሹ የሚሉትን፣ ማስቀረት አይበቃም። መረቁ የአሳማ አጥንት ሊኖረው ይችላል፤ አትክልቱ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል፤ የዶሮ ራመን የሚል ቤት እንኳ ታሬው ውስጥ የቻሹ ጭማቂ ሊጨምር ይችላል። ያለ አሳማ አድርጉልኝ ብሎ መጠየቅም በትንሹ ቤት ብዙም አያዋጣም፤ መረቁ ትናንት ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ድስቱም አንድ ነው። እምቢታው ንቀት ሳይሆን ሐቅ ነው።

ስለዚህ የሚያዋጣው ቤቱን አስቀድሞ መምረጥ ነው። በቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ያለው ቲስ ታንታን ከእንስሳ የተገኘ ምንም ነገር የማይገባበት ራመን ይሸጣል፤ ሰሊጥና ቃሪያ ያለው ታንታንሜኑ ለረቡዕና ለዓርብም፣ ለሁዳዴም ይሆናል። በአሳኩሳ ያለው ናሪታያ ሐላል ራመን ያቀርባል። በሌላ ቤት አትክልት ራመን የሚል ቁልፍ ሲታይ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ብዙ ጊዜ አትክልቱ የተቆለለው በሥጋ መረቅ ላይ ነው። አጥባቂ ጾመኛ ኑድሉ እንቁላል ሊኖረው እንደሚችል፣ መረቁም ከደረቀ ዓሣ ሊወጣ እንደሚችል ማሰብ አለበት፤ ሙስሊም ደግሞ ታሬው ውስጥ ሚሪን የተባለው አልኮል ያለው የሩዝ መጠጥ ሊገባ እንደሚችል።

ጥያቄው የሚቀርብበትም ጊዜ አለው። ትኬቱ ከወጣና ኑድሉ ድስት ከገባ በኋላ መጠየቅ ሁለቱንም ወገን ያስቸግራል። ጥያቄውን በጃፓንኛ ስልክ ላይ አስጽፎ፣ ገንዘብ ከመክተት በፊት በር ላይ ለሠራተኛው ማሳየት ነው። ሰልፍ በሌለበት ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም፣ የሄደ ሰው ተረጋግቶ የሚመልስለት ያገኛል፤ አይሆንም ከተባለም ማሽኑ ውስጥ የገባ ገንዘብ ስለሌለው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።